“ሰፋሪ”፣ “ነፍጠኛ”፣ “ቅኝ ተገዢ”፦ ምሁራን ምን ይላሉ? የባሌ ታሪክስ የት ላይ ይወድቃል?

“ነፍጠኛ”፣ “ሰፋሪ”፣ “መጤ”፣ “ቅኝ ተገዢ”። በየቀኑ በፌስቡክና በቲክቶክ ሲወረወሩ የምናያቸው ቃላት ናቸው። ሮቤ ላይም፣ ጎባ ላይም፣ አዲስ አበባ ላይም ሰው ይጣላባቸዋል። አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ከቃል አልፎ ይሄዳል። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. በኦሮሚያ በርካታ ከተሞች በተነሳው ግጭት 86 ሰዎች መገደላቸውን የጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት አስታውቆ ነበር። ያኔ የመከላከያ ሠራዊት ከተሰማራባቸው ከተሞች መካከል ባሌ ሮቤና ባሌ ጎባ ይገኙበታል።

ቃላቱ እንዲህ ከባድ ከሆኑ ትርጉማቸውን ማወቁ ለሁላችንም ይበጃል። በዓለም ላይ “የሰፋሪ ቅኝ አገዛዝ” የሚባለው ምንድን ነው? የኢትዮጵያ ታሪክ በዚህ ስም ሊጠራ ይችላል ወይስ አይችልም? ምሁራን በዚህ ላይ ለምን ተከፋፈሉ? የባሌ ደጋስ ምን ያሳየናል? አንድ በአንድ እንያቸው።

“የሰፋሪ ቅኝ አገዛዝ” ምን ማለት ነው?

ቅኝ አገዛዝ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እንግሊዝ ሕንድን ስትገዛ ብዙ ሕዝብ አምጥታ አላሰፈረችም። የፈለገችው ግብር፣ ጥሬ ዕቃ፣ ገበያና ወታደር ነበር። በአውስትራሊያ፣ በአሜሪካና በካናዳ የሆነው ግን ሌላ ነው። የመጣው ሰው ሊቀመጥ ነው የመጣው። ቤት ሠራ፣ አጥር አጠረ፣ ሕግ አወጣ፣ አገሩም የእኔ ነው አለ።

በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳው አውስትራሊያዊው ምሁር ፓትሪክ ዎልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው መጽሐፍና በ2006 ባወጣው ጽሑፍ ሁለት ዋና ነገሮችን ያስረዳል። አንደኛ፣ ሰፋሪው በዋናነት የሚፈልገው የነባሩን ጉልበት ሳይሆን መሬቱን ነው። ስለዚህ ነባሩ ሰው እንቅፋት ይሆንበታል፤ በጦርነት፣ በማፈናቀል፣ ወይም ማንነቱን በማጥፋት ከመንገዱ ሊያስወግደው ይሞክራል። ሁለተኛ፣ ወረራው በአንድ ወቅት ተፈጽሞ የሚያልፍ ነገር አይደለም። በሕግ፣ በካርታ፣ በትምህርት ቤትና በመዝገብ ቤት እየታደሰ የሚኖር አሠራር ነው። ጦርነቱ ካለቀ በኋላም ውጤቱ የሚቀጥለው ለዚህ ነው።

ጣሊያናዊው ሎሬንዞ ቬራቺኒ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው መጽሐፍ ሰፋሪን ከስደተኛ ይለያል። ስደተኛ የመጣበትን አገር ሕግ ተቀብሎ ይኖራል። ሰፋሪ ግን ሕጉንና ሥልጣኑን ይዞ ነው የሚመጣው። ይህን ልዩነት ያዙት፤ ወደ ባሌ ስንመጣ ይጠቅመናል።

በአፍሪካ የሚጠቀሱት ምሳሌዎች አልጄሪያ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ዚምባብዌና ጎረቤታችን ኬንያ ናቸው። በኬንያ ለሙ ደጋ “የነጮች ደጋ” ተብሎ ተከልሎ ነበር። በእኛ አገርም ፋሺስት ጣሊያን ይህንኑ ሞክሯል። እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ በሆለታ፣ በቢሾፍቱና በጨርጨር ጣሊያናዊ ገበሬዎችን ለማስፈር ዕቅድ ወጥቶ ተጀምሮ ነበር። የአርበኞች ትግል፣ የገንዘብ እጥረትና የጦርነቱ ሽንፈት ዕቅዱን ከንቱ አስቀሩት። “ኢትዮጵያ ውስጥ የሰፋሪ ቅኝ አገዛዝ ነበር?” ለሚለው ጥያቄ ማንም የማይከራከርበት መልስ ይህ ነው። ክርክሩ ያለው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ በነበረው ላይ ነው።

የባሌ ደጋ እንዴት ተያዘ?

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በአርሲ ላይ የተከፈተው ዘመቻ ዓመታት ፈጅቷል። የአርሲ ኦሮሞ ብርቱ መከላከል አድርጎ በመጨረሻ በ1878 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአዙሌ ጦርነት ተሸነፈ። የሸዋ ጦር አዛዥ የምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ። ከአርሲ ቀጥሎ ጦሩ ዋቤን ተሻግሮ ባሌን ያዘ። ጎባ የጦር ሰፈር ሆነች፤ የአስተዳደሩም መቀመጫ ሆና ለብዙ አሥርት ዓመታት ቆየች። ዛሬ የባሌ ዞን ዋና ከተማ ሮቤ ነው።

በወቅቱ ለወታደሩ በየወሩ የሚከፈል ደመወዝ አልነበረም። ደመወዙ ሰው ነው። እያንዳንዱ ነፍጠኛ እንደ ማዕረጉ የተወሰኑ ገባሮች ይመደቡለት ነበር። ገባሩ እህል ያስገባል፣ ማር ያመጣል፣ እንጨት ይለቅማል፣ አጥር ያጥራል፣ ጭነት ይሸከማል። ከአገሬው የጎሳ አለቆች መካከል ደግሞ ባላባት እየተባሉ የተሾሙ ነበሩ። ለባላባቱ ከመሬቱ ሲሶው ይተውለታል፤ በለውጡ ሕዝቡን ያስገብራል።

እዚህ ላይ የዎልፍ ሐሳብ ይፈተናል። ነፍጠኛው በመጀመሪያ የፈለገው የገባሩን ጉልበት ነበር። ገባሩ ከጠፋ ነፍጠኛው የሚበላው የለውም። ስለዚህ የነፍጠኛ ሥርዓት በአጀማመሩ የአውስትራሊያን ዓይነት አልነበረም ብሎ መከራከር ይቻላል።

ግን ታሪኩ እዚያ ላይ አልቆመም።

ከጉልበት ወደ መሬት

ከጣሊያን መውጣት በኋላ የገባር ሥርዓት በሕግ ቀረ። በ1937 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ተመደበ፤ ግብሩም በገንዘብ ሆነ። በኋላ የትምህርትና የጤና ግብር ተጨመረ። ላይ ላዩን ሲታይ ለገበሬው እፎይታ ነው። ነገር ግን የጉልበት ግዴታው ሲቀር መሬቱ ራሱ ዋጋ አገኘ። ጉልት የነበረው ቀስ በቀስ የግል ርስት ሆነ። ቀላድ ተጣለ፤ መሬት በጋሻ ተለካ። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ ነው።

ልኬታው ለባሌ አርሶና አርብቶ አደር ምን ማለት ነበር? ከብት አርቢ መሬቱን ዓመቱን ሙሉ በአንድ ቦታ አያርስም። በባሌ “ጎደንቱ” የሚባል ልማድ አለ፤ ከብት እንደ ወቅቱ ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ወደ ሆራ ይነዳል። ለቀላድ ጣዩ ግን ያልታረሰ መሬት ባዶ መሬት ነው። ይህ የአንድ ቀላድ ጣይ አመለካከት ብቻም አልነበረም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 130 በማንም ስም ያልተያዘ ንብረትን፣ ደንንና የግጦሽ መሬትን በሙሉ የመንግሥት ነው ይላል። በስሙ ያልተመዘገበለት አርብቶ አደር በአያቱ ግጦሽ ላይ የመንግሥት እንግዳ ሆነ ማለት ነው። የመንግሥት የሆነ መሬት ደግሞ ለባለሥልጣን፣ ለጡረተኛ ወታደርና ለባለውለታ በስጦታ ይሰጣል። ግብር መክፈል ያቃተው ሰው መሬትም እንዲሁ ይወረስ ነበር።

አውስትራሊያ ውስጥ ሰፋሪዎቹ አገሩን “ባለቤት የሌለው መሬት” ነው ብለው ነበር የያዙት። ይህ አስተሳሰብ በፍርድ ቤት የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1992 ማቦ በሚባለው የክርክር መዝገብ ነው። ሁለቱ ታሪኮች አንድ ናቸው ማለት አይደለም፤ የሕጉ አካሄድ ግን ይመሳሰላል። በሁለቱም ያልታረሰ መሬት ባለቤት እንደሌለው ተቆጥሯል።

የባሌ አመፅ፦ አንድ ታሪክ፣ ሦስት ንባብ

ባሌ እ.ኤ.አ. በ1960 ከሐረርጌ ተለይቶ ራሱን የቻለ ጠቅላይ ግዛት ሆነ። ከሦስት ዓመት በኋላ በኤል ከሬ በኩል አመፅ ተነሳ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ደሎና ወደ ዋቤ ተዛመተ። የአመፁ ትልቅ ስም ዋቆ ጉቱ ነው። አዲስ ነፃ የወጣችው ሶማሊያ መሣሪያ ታቀርብ ነበር። አመፁ እስከ 1962 ዓ.ም. ቆይቶ ዋቆ ጉቱ እጃቸውን ሲሰጡ አበቃ። በዚያን ጊዜ የጦሩ አዛዥና የጠቅላይ ግዛቱ አስተዳዳሪ ጄኔራል ጃገማ ኬሎ ነበሩ። እሳቸውም ራሳቸው ኦሮሞ ናቸው፤ ይህ ነጥብ በክርክሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይነሳል።

ታዲያ አመፁ ምን ነበር? ምሁራን በሦስት መንገድ ያነቡታል።

1. የገበሬ አመፅ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ገብሩ ታረቀ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ የባሌን አመፅ ከትግራይ የ1943 እና ከጎጃም የ1968 አመፆች ጎን አስቀምጠው ያጠናሉ። ጉዳዩ በዋናነት የመሬት መነጠቅ፣ የግብር ብዛትና የሹማምንት በደል ነው፤ የሃይማኖትና የብሔር ጭቆና ደግሞ ያባብሰዋል። የንጽጽሩ ትርጉም ግልጽ ነው፤ ዘውዱ የሚበድለው ደቡቡን ብቻ አልነበረም።

2. የወረራና የመከላከል ታሪክ ቀጣይ ምዕራፍ ነው። አባስ ሃጂ ገናሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ አርሲ ኦሮሞ ባሳተሙት ሰፊ ጥናት ከ1880ዎቹ ጦርነት እስከ 1974 አብዮት ያለውን እንደ አንድ ረጅም ታሪክ ያዩታል። በዚህ ንባብ የ1960ዎቹ አመፅ ከአዙሌ ተነጥሎ አይታይም።

3. የማንነት ጉዳይ ነው። ኖርዌያዊው ተርጄ ኦስተቦ እ.ኤ.አ. በ2020 በባሌ አመፅ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ “መሬትና ግብር” የሚለው ማብራሪያ ብቻውን አይበቃም ይላል። በባሌ ሃይማኖትና ብሔር ተነጣጥለው የሚታዩ አልነበሩም። አገሬው ራሱን “ኢስላማ” ሲል ሰፋሪውን “አማራ” ይለዋል፤ “አማራ” ማለት በዚያ አነጋገር ከብሔር ይልቅ ለክርስቲያኑና ለገዢው የቀረበ ትርጉም ነበረው። ሰው የተዋጋው ለመሬቱ ብቻ ሳይሆን ለሃይማኖቱና ለክብሩም ነው።

ሦስቱ ንባቦች ሙሉ በሙሉ አይጣሉም። ልዩነታቸው “ዋናው ምክንያት የትኛው ነው?” የሚለው ላይ ነው።

ትልቁ ክርክር፦ ቅኝ ግዛት ነበር ወይስ አገር ግንባታ?

መረራ ጉዲና የኢትዮጵያን ታሪክ አነባበብ በሦስት ይከፍሉታል፦ የአገር ግንባታ፣ የብሔር ጭቆናና የቅኝ ግዛት አመለካከት።

የአገር ግንባታ የሚሉት የምኒልክ ዘመቻ በዚያ ዘመን በመላው ዓለም አገር ከሚመሠረትበት መንገድ አይለይም ይላሉ። ፈረንሳይም ጀርመንም የተሠሩት በጦርነት ነው። በዘመቻው እንደ ራስ ጎበና ዳጬ ያሉ የኦሮሞ የጦር መሪዎች ነበሩበት። ገዢዎቹ ከባሕር ማዶ አልመጡም፤ የሚመለሱበት ሌላ አገርም አልነበራቸውም። ከአገሬው ጋር ተጋብተዋል፣ ቋንቋውን ለምደዋል። የመንዝና የጎጃም ገበሬም በዚያው ሥርዓት ተበዝብዟል።

የብሔር ጭቆና የሚለው አመለካከት ከተማሪዎች እንቅስቃሴ ጋር ተያይዞ ይታወቃል። ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. ያወጣው ጽሑፍ መነሻ ሆኖ ይጠቀሳል። ጭቆናው እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን መለያየት ሳይሆን እኩልነት ነው የሚል መንፈስ አለው።

የቅኝ ግዛት አመለካከት ያላቸው ደግሞ ቦኒ ሆልኮምብና ሲሳይ ኢብሳ እ.ኤ.አ. በ1990፣ አሰፋ ጃለታም በ1993 ባሳተሟቸው መጻሕፍት ይታወቃሉ። መከራከሪያቸው ይህ ነው፦ መሬት ተወስዷል፣ ሰው ገባር ሆኗል፣ የጦር መሣሪያው ከአውሮፓ ነው የተገዛው፣ አፋን ኦሮሞ ከትምህርት ቤትና ከፍርድ ቤት ተገልሏል። ገዢው ከባሕር ማዶ ባይመጣም ለተገዢው ለውጥ የለውም። የአገሬው ሰዎች በጦሩ ውስጥ መኖራቸውም ነገሩን አይለውጠውም፤ እንግሊዝም ሕንድን የገዛችው በሕንዳውያን ወታደሮች ጭምር ነው።

ዶናልድ ዶንሃምና ዌንዲ ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1986 ያዘጋጁት ስለ ደቡቡ የኢትዮጵያ ክፍል የሚያወሳ የጥናት ስብስብ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። አገዛዙ በየቦታው ይለያይ ነበር። በሰላም የገበረውና በጦርነት የተያዘው፣ ደጋውና ቆላው አንድ ዓይነት ዕጣ አልገጠማቸውም። ስለዚህ “ደቡቡ ሁሉ እንዲህ ነበር” የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ ይጎድለዋል።

ነፍጠኛው ከሄደ በኋላስ?

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ባለርስትንና ጭሰኛን በአንድ ቀን ሰረዘ። ለባሌ ገበሬ ትልቅ ድል ነበር። የነፍጠኛ ሥርዓት የመሬት መሠረት ያከተመው ያኔ ነው። ዛሬ ሮቤና ጎባ ውስጥ የሚኖር የሰፋሪ የልጅ ልጅ የአያቱን ጋሻ መሬት ይዞ የሚኖር ሰው አይደለም። ይህን መርሳት ብዙ ስህተት ያመጣል።

ዎልፍ ስለሚቀጥለው አሠራር ያለውን እዚህ ላይ አስታውሱ። ባለርስቱ ቢሄድም “ስለ መሬቱ የሚወስነው ሌላ ነው” የሚለው አሠራር አልሄደም።

▪ የመንግሥት እርሻ፦ ደርግ በባሌ ለሙ ሜዳ ላይ ሰፋፊ የስንዴ እርሻዎች አቋቋመ። ሜዳው ዛሬም የአገሪቱ የስንዴ ጎተራ ነው። ለከብት አርቢው ግን ግጦሹ እንደገና ጠበበ።

▪ መንደር ምሥረታ፦ ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ፣ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ፣ የባሌ ገጠር ሕዝብ ከተበታተነበት ተሰብስቦ በመንደር እንዲሰፍር ተደረገ። ፕሮግራሙ በኋላ ወደ ሐረርጌና ወደ ሌሎች ክፍለ አገሮች ተስፋፋ።

▪ ፓርክ፦ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተመሠረተው በዘውዱ የመጨረሻ ዓመታት ነው። ስፋቱ 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን የቀይ ቀበሮ ዋና መኖሪያ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ፈረንሳዊው ጊዮም ብላን እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ በተለይ የሰሜን ተራሮችን ይዞ “አረንጓዴ ቅኝ አገዛዝ” የሚለውን ሐሳብ ያነሳል። የውጭ ባለሙያዎች የአፍሪካን ተራራ ሰው እንዳልነበረበት ገነት አድርገው ሲያዩ፣ በዚያ ሲኖር የቆየው ገበሬና እረኛ አጥፊ ተብሎ ይፈረጃል ይላል። ሌሎች በበኩላቸው ያለ ጥበቃ ደኑም፣ ቀበሮውም፣ ከተራራው የሚነሱት ወንዞችም ይጠፋሉ፤ የሚጎዳውም መጀመሪያ የታችኛው አገር ገበሬ ነው ይላሉ። የሰነቴንና የሐረናን ግጦሽ ለሚጠቀም ሰው ይህ የዕለት ኑሮው ነው።

▪ አዲስ ሰፈራ፦ በቅርብ አሥርት ዓመታት ከሐረርጌ የመጡ ብዙ ሰዎች በባሌ ቆላና በደኑ ዙሪያ ሰፍረዋል። አብዛኞቹ ኦሮሞዎች ናቸው። “ሰፋሪ” የሚለው ቃል ሁልጊዜ ብሔርን እንደማያመለክት የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ዛሬም በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ገበሬው የመጠቀም መብት አለው፤ መሸጥ ግን አይችልም። የሚደግፉት ገበሬውን ከመሬት ነጣቂ ባለሀብት ይጠብቀዋል ይላሉ። የሚቃወሙት ደግሞ የመጨረሻው ቃል የባለሥልጣኑ ሆኖ ቀርቷል ይላሉ።

ትዝታውስ?

ትዝታም ከውጤቶቹ አንዱ ነው። በአርሲ ሄጦሳ የአኖሌ መታሰቢያ ሐውልት በ2006 ዓ.ም. ሲመረቅ አገሩን ለሁለት ከፈለ። ለአንዱ ወገን ለዘመናት ያልተነገረ ሐዘን መታሰቢያ ነው። ለሌላው ቂም መቀስቀሻ ነው። በአኖሌ ስለተፈጸመው ነገር ማስረጃ የታሪክ ሰዎች አሁንም ይከራከራሉ። የአዙሌ ጦርነትና ያስከተለው እልቂት ግን ማንም የሚክደው አይደለም።

ኡጋንዳዊው ማህሙድ ማምዳኒ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ የሚለው እዚህ ላይ ይጠቅማል። “ሰፋሪ” እና “ነባር” በደም የሚወረሱ ነገሮች አይደሉም፤ ሕግና መንግሥት የሚፈጥሯቸው የፖለቲካ ማንነቶች ናቸው። አንዱ ያለ ሌላው አይኖርም። ነባሩን የበላይ፣ ሰፋሪውን የበታች አድርጎ መገልበጥ ሥርዓቱን አያፈርሰውም፤ ባለተራውን ይቀይራል እንጂ። ማምዳኒ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጽሑፍም የኢትዮጵያን የብሔር ፌዴራሊዝም በዚሁ ዓይን ተችቷል።

ትችቱ ያለ ምላሽ አልቀረም። የመሬትና የቋንቋ በደል የደረሰበት ሕዝብ ራሱን በራሱ ማስተዳደሩ ፍትሕ እንጂ አድልዎ አይደለም የሚሉ ብዙ ናቸው። አፋን ኦሮሞ በባሌ የትምህርት፣ የፍርድ ቤትና የቢሮ ቋንቋ መሆኑ ለአንድ ትውልድ ምን ያህል ትርጉም እንዳለው ለማወቅ ከዚያ በፊት በአስተርጓሚ ፍርድ ቤት የቆሙትን መጠየቅ ነው። በሌላ በኩል ጎባ ተወልዶ፣ ጎባ አድጎ፣ አያቱም ጎባ የተቀበሩ ሰው ዛሬም “መጤ” ሲባል፣ በደሉን የፈጸመው ሥርዓት ሳይሆን እሱ እየተከሰሰ ነው። ሁለቱም እውነቶች በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ።

ስለዚህ ቃሉን ስንሰማ ምን እንጠይቅ?

ምሁራኑ ገና አልተስማሙም፤ ምናልባትም አይስማሙም። ከክርክራቸው ግን ማንም አንባቢ ሊጠቀምባቸው የሚችሉ አራት ጥያቄዎች ይወጣሉ።

1. የምናወራው ስለ የትኛው ጊዜ ነው? የ1878፣ የ1948፣ የ1967 እና የዛሬው ዓ.ም. አንድ አይደሉም።

2. የተወሰደው ምንድን ነው፦ ጉልበት፣ መሬት፣ ቋንቋ ወይስ ሥልጣን? የተመለሰውስ የትኛው ነው?

3. የሚወቀሰው ሥርዓት ነው ወይስ ሰው? ሥርዓት በሕግ ይቀየራል። ሰውን በአያቱ መክሰስ ግን ዳኛ የማያውቀው ክስ ነው።

4. ዛሬ ስለ መሬቱ የሚወስነው ማን ነው? የሚኖርበት ገበሬና እረኛ ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም?

በባሌ ደጋ መቶ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ታሪክ ሲጠቃለል አራተኛው ጥያቄ ላይ ይደርሳል። ነፍጠኛው፣ ባላባቱ፣ የመንግሥት እርሻው፣ ፓርኩ፣ ኢንቨስተሩ ተራ በተራ መጥተዋል። ከብቱን ወደ ሆራ የሚነዳው ሰው ግን በስሙ የተጻፈ ነገር እንዳለው ለማወቅ ዛሬም ወደ ቀበሌ ይሄዳል።